ትንፋሽ ሲመለስ አስም ሄደ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አስም ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በሽታውን ማንም አንባቢ በሚገባው ቋንቋ ለማስረዳት መድከሙ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ አስምን የአየር ቧንቧ አልፎ አልፎ ሲኮማተር ብቻ የሚከሰት የትንፋሽ ችግር አድርጎ መግለጹ፣ ቧንቧውን የሚከፍተውን ፓፍ በኪስ ይዞ መዞርም በቂ መፍትሔ እንደሆነ በሚያስመስል አነጋገር መደምደሙ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል በየቀኑ የምታገለውን አመለካከት የሚያጸና ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የማነሣውም አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። አስም ሰውየው በታፈነ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ደኅና ነኝ ብሎ በሚውልበትም ቀን በአየር ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ በሕዋሳት መካከል ሳያቋርጥ የሚካሄድ መቆጣትና መለወጥ ነው።

ፋርማሲስት ነኝ። በቅርቡ አንድ አዛውንት የታክሲ ሹፌር መጥተው «ቬንቶሊን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያው ወር ገዝተው እንደነበር አስታውሼ፣ ጠዋትና ማታ የሚወሰደውን ቤክሎሜታዞን የተባለውን ሌላውን ፓፍ ሐኪም አዝዞላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አዝዞልኝ ነበር የኔ ልጅ፤ እሱ ግን ብስበው ብስበው ምንም አይለኝም። ይሄኛው ነው ወዲያው ደረቴን የሚከፍትልኝ» አሉኝ። ሰውየው አንድም ውሸት አልተናገሩም፤ ሁለቱም መድኃኒቶች ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው የሚሰሙት። ነገር ግን እሳቸው የሚያውቁት የሚሰማቸውን ብቻ ነው፤ የአስም ትልቁ ክፍል ደግሞ የማይሰማው ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ መግባት ግድ ይላል።

ጤነኛ የአየር ቧንቧ ከውስጥ በኩል ጎን ለጎን በተሰለፉ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። አብዛኞቹ በአናታቸው ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሏቸው፤ ፀጉሮቹ በኅብረት እየተወዛወዙ አቧራና ጀርም የያዘውን ስስ አክታ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። በመካከላቸው ያንኑ አክታ የሚያመነጩ ሕዋሳት እዚህም እዚያም ይገኛሉ። ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው በፕሮቲን ማያያዣ ጥብቅ ብለው የተጣበቁ በመሆናቸው፣ ከአየር ጋር የገባ ባዕድ ነገር በመካከላቸው ሾልኮ ማለፍ አይችልም። ከሽፋኑ ሥር ስስ ወለል አለ፤ ከወለሉ በታች የደም ሥሮችና ነርቮች ያሉበት ልል ሥጋ፣ ከዚያም ቧንቧውን የሚጠመጥመው ለስላሳ ጡንቻ ይከተላል። ስለ አስም የሚያወራ ሁሉ የሚያነሣው ይህን የመጨረሻውን፣ ጡንቻውን ነው። በሽታው የሚጀምረው ግን ከሽፋኑ ነው።

በአስም ሕመምተኛ ቧንቧ ውስጥ እነዚያ ማያያዣዎች የላሉ ናቸው። በፍራሽና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖረው የአቧራ ተባይ ኩስ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ስላለው ማያያዣውን ራሱ ይበጥሰዋል፤ ራይኖቫይረስን የመሳሰሉ የጉንፋን ቫይረሶች ሕዋሳቱን ያቆስላሉ፤ የማገዶና የከሰል ጭስም የበኩሉን ይጨምራል። የተጎዳው ሽፋን ታዲያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቲኤስኤልፒ፣ ኢንተርሉኪን 33 እና ኢንተርሉኪን 25 የሚባሉ የማስጠንቀቂያ ፕሮቲኖችን ይለቃል። ይህን ጊዜ ከሽፋኑ ሥር የሚጠባበቁት ዴንድሪቲክ ሕዋሳት የገባውን ባዕድ ነገር ውጠው፣ ከፋፍለው፣ ቁራጩን በላያቸው አንጠልጥለው ወደ ሊምፍ ዕጢ ይሄዳሉ፤ እዚያም ገና የሥራ ድርሻ ያልያዘውን ቲ ሕዋስ የተባለ የበሽታ መከላከያ ሕዋስ «ዓይነት ሁለት ረዳት» ወደሚባለው ይለውጡታል። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ይህን ሁሉ ሥልጠና ሳይጠብቁ በማስጠንቀቂያው ብቻ ተነሥተው ያንኑ ሥራ የሚጀምሩ ሌሎች ሊምፎይድ ሕዋሳት አሉ።

ሁለቱ ወገኖች የሚልኳቸው ዋና ዋና መልእክቶች ሦስት ናቸው። ኢንተርሉኪን 4 ቢ ሕዋሳትን አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርቱ ያዝዛል። ኢንተርሉኪን 5 ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት በአጥንት መቅኔ ውስጥ እንዲባዙ፣ ከዚያ ወጥተውም ቶሎ እንዳይሞቱ ያደርጋል። ኢንተርሉኪን 13 ደግሞ ባለፀጉሮቹ የሽፋን ሕዋሳት ቦታቸውን ለአክታ አመንጪዎች እንዲለቁ፣ ጡንቻውም በትንሽ በትልቁ እንዲኮማተር ያመቻቻል። ሰውየው ገና አንድም ጊዜ ሳይታፈን ይህ ሁሉ ተከናውኗል።

አይጂኢ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ በጃፓናውያኑ ባልና ሚስት በኪሚሺጌና በቴሩኮ ኢሺዛካ፣ በስዊድን ደግሞ በዮሐንሶንና በቤኒች ተለይቶ የታወቀ ሞለኪውል ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ከሌሎቹ ፀረ እንግዳ አካላት ሁሉ ያነሰ ነው፤ ኃይሉ የሚታየው ማስት በሚባለው ሕዋስ ላይ ሲለጠፍ ነው። ማስት ሕዋስ በሂስታሚንና በሌሎች ንጥረ ነገሮች የተሞሉ እጅግ ብዙ ከረጢቶችን ይዞ ይጠብቃል። የአቧራ ተባዩ ፕሮቲን ተመልሶ መጥቶ በላዩ ላይ የተለጠፉትን ሁለት አይጂኢዎች ባገናኘ ጊዜ፣ ከረጢቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረገፋሉ፤ ሕዋሱም ሉኮትሪንና ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን አዲስ ማምረት ይጀምራል። ጡንቻው የሚጨመደደው፣ የደም ሥሮቹ ፈሳሽ የሚያሾልኩት፣ ደረት ሲር ሲር የሚለው ያን ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ግኝት እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። በአስም ሕመምተኞች ቧንቧ ውስጥ ማስት ሕዋሳት ከቀድሞ ቦታቸው ተነሥተው በለስላሳው ጡንቻ መካከል ሰፍረው ተገኝተዋል፤ ኢዮሲኖፊል በዝቶባቸው ሳል ብቻ የሚያስቸግራቸው፣ ቧንቧቸው ግን በዋዛ የማይኮማተር ሕመምተኞች ጡንቻ ውስጥ ይህ ሁኔታ አልታየም። ማስት ሕዋሱ የሚለቀውን ከጡንቻው ጋር ተጎራብቶ ሳይሆን ጡንቻው ውስጥ ሆኖ ይለቀዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው መታፈን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊረግብ ይችላል። በብዙ ሕመምተኞች ላይ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ዙር ይመጣል። በማታ ፍራሹን ያራገፈች ሴት ቶሎ ተሽሏት ከተኛች በኋላ ሌሊት ሳል የሚቀሰቅሳት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቤተሰቡ «ብርድ መቷት ነው» ይላል። ይህን ሁለተኛውን ዙር የሚያመጡት በመጀመሪያው ዙር ተጠርተው ከደም ሥር እየወጡ ወደ ግድግዳው የገቡት ኢዮሲኖፊሎች ናቸው። በውስጣቸው የያዟቸው ፕሮቲኖች መርዛም ናቸው፤ የሽፋኑን ሕዋሳት ገድለው ከሥራቸው ያላቅቋቸዋል። ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1853፣ ቆይቶም ጀርመናዊው ላይደን በሕመምተኞች አክታ ውስጥ በአጉሊ መነጽር ያዩአቸው ሾጣጣ ብርጭቆ መሰል ክሪስታሎች ከእነዚሁ ሕዋሳት ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ የበሽታው ምልክት ብቻ ተደርገው ሲቆጠሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በቤልጅግ በተሠራ ጥናት ክሪስታሎቹ ራሳቸው መቆጣትን እንደሚያባብሱ ታይቷል።

አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ሰውነት ይህን የመሰለ ጎጂ ሥርዓት ለምን ያዘ? አይጂኢም ኢዮሲኖፊልም ዋና ጠላታቸው የአንጀት ትል ነው ተብሎ ይታመናል። እዚህ ላይ አገራችን ለዓለም የሕክምና ዕውቀት ያበረከተችው ነገር አለ፤ ብዙ አንባቢ ግን አልሰማውም። እ.ኤ.አ. በ1997 በጅማ ከተማና በዙሪያው ገጠር የተካሄደ ጥናት፣ አስም በከተማው ነዋሪ ላይ ከገጠሩ ይበልጥ እንደሚታይ፣ ለአቧራ ተባይ አለርጂ መሆንም በከተማ ከደረት ሲር ሲር ማለት ጋር ተያይዞ ሲገኝ በገጠር ግን ይህ ግንኙነት እንደሌለ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው በጅማ አካባቢ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር የማለት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ወደ እስራኤል በሄዱ ወገኖቻችን ዘንድ አስም ባልተለመደ መጠን በዝቶ መገኘቱንም የዚያው አገር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጽፈዋል። ከዚህ ተነሥቶ ትል ይጠቅማል ወደሚል ድምዳሜ የሚሮጥ ካለ ሁክዎርም ደም የሚያስጨርስ በሽታ መሆኑን ላስታውሰው። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ለአለርጂ መዘጋጀትና በአስም መታመም አንድ ነገር እንዳልሆኑ፣ በመካከላቸው የአኗኗር ሁኔታ እንደሚገባ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መቆጣቱ ነው። የከፋው መለወጡ ነው። በተማሪነቴ በፓቶሎጂ ክፍል፣ በአስም ከሞተ ሰው ሳንባ የተወሰደ ስላይድ በአጉሊ መነጽር አሳይተውን ነበር። ቀዳዳው ክፍት መሆን የነበረበት ቧንቧ በተነባበረ ወፍራም አክታ ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል፤ በአክታው ውስጥ ተላቅቀው የወደቁ የሽፋን ሕዋሳት በክምር ይታያሉ። ከሽፋኑ ሥር፣ በጤነኛው ስላይድ ላይ ፈልገን ያገኘነው ስስ ወለል፣ እዚህኛው ላይ ሳንፈልገው የሚታይ ወፍራም ሐምራዊ መስመር ሆኗል። ከሱ በታች ያለው ሥጋ ደማቅ ቀይ ነጠብጣብ በሞላባቸው ኢዮሲኖፊሎች የተጥለቀለቀ ነበር። ጡንቻው ደግሞ በጤነኛው ላይ ቀጭን ክር የነበረው እዚህ እንደ መቀነት ተደርቧል። ሁበርና ኬስለር የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ይህንኑ የግድግዳ መወፈር እ.ኤ.አ. በ1922 በአስም ከሞቱ ሰዎች ሳንባ ላይ እየለኩ መዝግበውት ነበር። ያም ሆኖ ሕክምናው ለብዙ አሥርት ዓመታት ጡንቻውን ከማላቀቅ ሌላ አላሰበም።

ወለሉን የሚያወፍረው ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ያለማቋረጥ የሚቆጣው ሽፋን ቲጂኤፍ ቤታ የተባለ የማደጊያ ፕሮቲን ይለቃል፤ ከሥሩ ያሉት ፋይብሮብላስት ሕዋሳት በዚህ ተነሣስተው ኮላጅን እየፈተሉ ያነጥፋሉ። የጡንቻው ሕዋሳት በመጠንም በቁጥርም ያድጋሉ፤ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ አክታ አመንጪዎቹ ይበዛሉ። መጀመሪያ ይህ ሁሉ የዓመታት ሕመም ውጤት ይመስል ነበር። ሆኖም ወደ ሳንባ በሚገባ መመልከቻ ቱቦ፣ በብሮንኮስኮፕ፣ ከሕፃናት በተወሰዱ ናሙናዎች የወለሉ መወፈር ገና ትምህርት ቤት ባልገቡ፣ ደረታቸው በተደጋጋሚ ሲር በሚል ልጆች ላይ ጭምር ታይቷል። ልጃቸው በወር በወሩ «ብሮንካይት» እየተባለ በማሽን መድኃኒት የሚሰጠው፣ ሲሻለውም የሚረሳላቸው ወላጆች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

በዚህ መልክ የወፈረ ቧንቧ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለመረዳት የፊዚክስ አንድ ሕግ ይበቃል። አየሩ ሳይናወጥ በሚፈስበት ቱቦ ውስጥ፣ ከመካከል እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ አየሩን ለማሳለፍ የሚጠይቀው ጫና 16 እጥፍ ይሆናል። ግድግዳው ወደ ውስጥ በወፈረበት ቧንቧ ላይ የጡንቻው ጥቂት መኮማተር በጤነኛው ላይ ከሚያደርሰው ጋር የማይወዳደር ጥበት የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። አክታው ሲጨመርበት ደግሞ ጡንቻን የሚያላቅቅ መድኃኒት ሊያደርገው የሚችለው ነገር እያነሰ ይሄዳል፤ የተደፈነን ቱቦ ጡንቻ በማላላት መክፈት አይቻልምና። በከባድ አስም የሚሞቱ ሰዎች ፓፋቸውን በእጃቸው እንደያዙ የሚገኙበት ጊዜ መኖሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያወሳስብ፣ ለጡንቻውም ጥብቅና የሚቆም ማስረጃ ስላለ መሸሸግ አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት ቀላል አስም ያለባቸው ፈቃደኞች መቆጣትን ሳያስከትል ጡንቻን ብቻ የሚያኮማትር ሜታኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር በተደጋጋሚ እንዲስቡ አደረገ። ኢዮሲኖፊል ሳይጨምር፣ ከሽፋኑ ሥር ያለው ኮላጅን ግን ወፈረ፤ አክታ አመንጪዎቹም በዙ። መጨመደዱ ብቻውን ግድግዳውን የመለወጥ ኃይል አለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የጆዲ ሮዘንብላት ቡድን ይህ እንዴት እንደሚሆን አንድ ማብራሪያ አቀረበ። ጡንቻው ሲጨመደድ የሽፋኑ ሕዋሳት እርስ በርስ ይጨናነቃሉ፤ ከመጨናነቁ የተነሣም ከቦታቸው ተገፍተው ይወጣሉ፤ ሽፋኑ ሳስቶና ተቦዳድሶ ይቀራል፤ የተቦደሰ ሽፋን ደግሞ ከላይ የጠቀስኋቸውን ማስጠንቀቂያዎች ይለቃል። ትንፋሽ የሚከፍተው መድኃኒት በዚህ ሙከራ የሕዋሳቱን መገፋት አላስቀረም። እንግዲህ መቆጣቱ መጨመደድን ይወልዳል፤ መጨመደዱ ተመልሶ መቆጣትን ይወልዳል። መታፈን ከመጣ በኋላ ማስታገሥ ብቻውን የማያዋጣው ይህ ዑደት ስላለ ነው፤ ቀድሞውኑ እንዳይመጣ ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ፓፎች ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው ሳልቡታሞል፣ ማለትም ሕዝቡ ቬንቶሊን ብሎ የሚያውቀው፣ በጡንቻ ሕዋስ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ተገናኝቶ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን ሞለኪውል ከፍ ያደርጋል፤ ጡንቻው በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል፤ ኃይሉም ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ወደ ግድግዳው በሚገቡት ኢዮሲኖፊሎች ላይ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። በየዕለቱ ሲደጋገም ተቀባዮቹ ራሳቸው እየቀነሱ ይሄዳሉ። ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድን የመሰሉት የሚሳቡ ስቴሮይዶች ግን ሕዋሱ ውስጥ ገብተው፣ ከተቀባያቸው ጋር ተያይዘው፣ እስከ ኒውክሊየስ ይዘልቃሉ፤ እዚያም የመቆጣቱ ፕሮቲኖች እንዲመረቱ የሚያዝዙትን ጂኖች ሥራ ያስቆማሉ። ኢዮሲኖፊሎቹ ምግባቸው እንደተቋረጠ ሁሉ በራሳቸው ይሞታሉ፤ ሽፋኑም ቀስ በቀስ ይታደሳል። ይህ በደቂቃ የሚሆን ሥራ ስላልሆነ «ብስበው ብስበው ምንም አይለኝም» ቢባል አያስደንቅም። ለውጡ ከቀናት እስከ ሳምንታት ውስጥ የሚታይ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ሕዋሳቱ ተመልሰው ይመጣሉ።

ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና እ.ኤ.አ. በ2019 አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም ለአዋቂዎችና ለወጣቶች አይመከርም ያለው ይህንኑ መሠረት አድርጎ ነው። በዚህ ፈንታ የሚመከረው ቀላል አስም ያለበትም ሰው ቢሆን ስቴሮይድ ያለበትን፣ በተለይም ቡዴሶናይድንና ፎርሞቴሮል የተባለውን ቧንቧ ከፋች በአንድነት የያዘውን ፓፍ መጠቀም ነው። ያው መመሪያ ለእኛ ለፋርማሲስቶች የሚጠቅም ሌላ መለኪያም ሰጥቷል። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ 200 ጊዜ የሚነፋውን የሳልቡታሞል ቆርቆሮ ሦስትና ከዚያ በላይ ከተጠቀመ፣ በድንገተኛ ክፍል የመገኘት አደጋው ከፍ ይላል፤ 12ና ከዚያ በላይ ከሆነ የመሞት አደጋውም እንዲሁ። በመስኮታችን በኩል ያለ ሐኪም ማዘዣ በወር በወሩ የሚወጣውን ስናስብ፣ ሻጮቹም ልንጠየቅበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ስቴሮይድ የሚለው ስም ሰውን ያስፈራል። ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ይበላል፣ ከለመዱት አይለቅም ይባላል። የሚሳበው በማይክሮግራም የሚቆጠር ነው፤ መታፈን ሲጠና የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በሚሊግራም። በቀን 200 ማይክሮግራም ቤክሎሜታዞን የሚስብ ሰው በክብደት ሲሰላ 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ከሚውጥ ሰው ሁለት መቶ እጥፍ ያነሰ ነው የሚወስደው፤ ያውም አብዛኛው ሥራው ሳንባ ውስጥ ነው። የሚያሳዝነው የሚሳበውን ፈርተው የተዉ ሰዎች በዓመት ውስጥ ደጋግመው ድንገተኛ ክፍል እየገቡ የፈሩትን መድኃኒት በኪኒንና በመርፌ በብዙ እጥፍ መውሰዳቸው ነው። ስኳርና የአጥንት መሳሳት የሚያመጣው ይህኛው ነው። ከሚሳበው የሚጠበቀው የድምፅ መጎርነንና የአፍ ውስጥ ፈንገስ ሲሆን፣ ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋት ብዙውን ይከላከለዋል።

የአስም ሕመምተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንዱ ቧንቧ ውስጥ የሚበዛው ኢዮሲኖፊል ሳይሆን ኒውትሮፊል የተባለው ሌላው ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ ሲጋራ የሚያጨስና ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው አስምም ለስቴሮይድ እንደሌላው አይታዘዝም። ከላይ የጠቀስኋቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ የሚያፍኑ መርፌዎች በሀብታም አገሮች ሥራ ላይ ውለዋል፤ አይጂኢን የሚይዘው ኦማሊዙማብ እ.ኤ.አ. ከ2003፣ ኢንተርሉኪን 5ን የሚይዘው ሜፖሊዙማብ ከ2015፣ ቲኤስኤልፒን የሚይዘው ቴዜፔሉማብ ከ2021 ጀምሮ። ዋጋቸው ለእኛ የሚቀመስ ባለመሆኑ አላበዛበትም። የእኛ ጉዳይ ጭስ ነው። በር ዘግታ እንጀራ የምትጋግር እናት ሽፋን በየሳምንቱ የሚቀበለውን ጉዳት የትኛውም ፓፍ ሙሉ በሙሉ አያካክሰውም፤ በቡና ሰዓት ከሰል ላይ የሚበተነው እጣንም፣ ብናገር የሚቆጡኝ እንዳሉ ባውቅም፣ አስም ላለበት ቤተሰብ የሚመከር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰው አስም ነበረበት፤ 455 ሺህ ያህሉ ሞተዋል፤ አብዛኛው ሞት የደረሰው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛ እንዲሁም ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሕዋሳቱ በድሀና በሀብታም አገር የተለየ ጠባይ የላቸውም። ልዩነቱ የሚመጣው ስቴሮይዱ በመደርደሪያ ላይ በመኖር ባለመኖሩ፣ ካለም ሰው በመግዛት ባለመግዛቱ ነው። በብዙ መድኃኒት ቤቶች ሳልቡታሞል ሳይጠፋ ቤክሎሜታዞን ለረጅም ጊዜ የሚጠፋበት ወቅት አለ፤ ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል የያዘው ሲገኝ ደግሞ ዋጋው ከብዙ ደንበኛ አቅም በላይ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በጽሑፉ ላይ ስለ መፍትሔው የተሰጠውን ሐሳብ ብታርሙት፣ በተለይም ትንፋሽ የሚከፍተው ፓፍ በወር አንዴ የሚያልቅበት ሰው ወደ ሐኪም ተመልሶ ስለ ስቴሮይዱ እንዲጠይቅ በግልጽ ብታሳስቡ። ሁለተኛ፣ የመድኃኒት ግዥና ስርጭት የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ቀርባችሁ፣ ከሁለቱ ፓፎች በሽታውን የሚያክመው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚጠፋ ብትጠይቁልን።

ቦታ ካላችሁ አንድ ሥዕል ጨምሩበት። ፓፉ አፍ ውስጥ ሲነፋ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ሳንባ እንዲደርስ በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ፣ ስፔሰር፣ ያስፈልጋል፤ ስፔሰር ደግሞ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኬፕታውን በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር ያላነሰ እንደሚሠራ አሳይቷል። የሃይላንዱን ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ በጋለ ሽቦ በስተው፣ ፓፉን ሰክተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉታል፤ አንዴ ነፍተው፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል በርጋታ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት
አዲስ አበባ